ሌላ ቀን ኑ

ሮምሶስ፣ ኦስሎ
መስከረም 8 ቀን

ዮኤልዬ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ያለውን የጃፓን ጽሕፈት ሳይ ክፉ ነገር መስሎኝ ሳልከፍተው ወንበር ላይ አስቀምጬው ዋልኩ። እህትህ ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ “ማማ፣ የዮኤል እኮ ነው!” ብላ ቀደደችው። በአማርኛ መጻፍህ እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል እንድትማር ስወስድህ በባቡር ውስጥ ሰው እስኪያየን ታለቅስ ነበር። ፊደሎችህ እንዳንተው ወፋፍራም ናቸው፤ አንድ ገጽ አሥር መስመር አይይዝም። ግን ይነበባል።

ስልክ ለአዲስ ገቢ ክልክል ነው ያልከው መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ይሻላል። በስልክ ቢሆን “ደህና ነኝ ማማ” ብለህ ትዘጋብኝ ነበር።

ጤናዬን ለጠየቅከኝ፣ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም በቦታው ነው። ሲከየሙ፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ለወጥ ቤታችን አዲስ ምድጃ አስገብቶልናል፤ አረጋውያኑ ግን ያው የተቀቀለ ድንች ነው የሚፈልጉት። ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ደግሞ ጠይቀኸኛል። “ጃፓን ነው” እላለሁ። “ለማስተርስ?” ይላሉ። ዝም እላለሁ። ፀሐይ ብቻ ናት የያዘችኝ፤ ከቅዳሴ ስንወጣ “ቆንጂት፣ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ራቁቱን ከወፍራም ሰዎች ጋር ይታገላል አሉ፣ እውነት ነው?” አለችኝ። “ራቁቱን አይደለም፣ መቀነት አለው” አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሽንት ቤት አጥባለሁ፣ ታላላቆቼ ሲበሉ ቆሜ አሳልፋለሁ፣ እኔ መጨረሻ እበላለሁ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ታላላቆቼ ስትል የሠላሳ ዓመት ሰዎች መስለውኝ ነበር። ለካ ጢም ያላበቀለ ልጅም ካንተ በፊት ከገባ ታላቅህ ነው። ልጄ፣ እኔ የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩት አንተ እንዳታጥብ ነበር። ይህን ብዬ አልፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኦያካታ የምትሏቸው ሰው፣ የምትኖርበት የሱሞ ቤት ጌታ፣ እዚህ ድረስ ሊመጡ ነው ብለሃል። ወላጁ ቤት ገብቼ ፊት ለፊት ሳልጠይቅ ልጅ ተቀብዬ አላውቅም አሉ አይደል? እኔ ደግሞ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ይሄማ ሽምግልና ነው! ሴት ልጅ ስትጠየቅ እንደሚደረገው። ለአጎትህ ለሀብቴ ነገርኩት፤ ከስቶቭነር የዚያኑ ዕለት መጣ። “ሥርዓቱን ለኔ ተዪልኝ፣ አባቱ በሕይወት ቢኖር የሚያደርገውን አደርጋለሁ” አለ። ኤልዳና “ወንድሜ ሙሽሪት ሆነ” እያለች ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ስለዚህ ይምጡ። እሁድ መስከረም 26 ቤት ነን በልልኝ።

ኦከርን ያለው መሥሪያ ቤት ደውሎ ነበር። ቦታህን እስከ ገና እንይዝለታለን አሉ። ምንም አላልኳቸውም። ዲግሪህን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ስትመጣ ታቃናዋለህ።

ስለ ማተብህ የጠየቅከኝን አባን ሳላማክር አልመልስም። ሜዳ ሲገባ ከመቀነቱ በቀር አንዲት ክር አይፈቀድም ያልከውን ማለቴ ነው።

ገላህን ሳታደርቅ ውጭ አትውጣ።

እናትህ ቆንጂት



ሮምሶስ
መስከረም 27 ቀን

የኔ ልጅ፣

ትናንት መጡ። ሳይረሳኝ ልጻፍልህ ብዬ ነው፤ እጄ ገና ሽንኩርት ይሸታል።

ሦስት ሆነው ነው የመጡት፤ ኦያካታው፣ ባለቤታቸውና አንዲት እዚሁ ኖርዌይ ያደገች ጃፓናዊት አስተርጓሚ። ከሊፍት ሲወጡ ጎረቤታችን አቦይ ወልዳይ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። እንደምታውቃቸው በር ለመክፈት ምክንያት አይፈልጉም። በኋላ “ቁም ሣጥን ያስመጣሽ መስሎኝ ነበር፤ ቁም ሣጥኑ እጅ ሲነሳኝ ደነገጥኩ” አሉኝ።

እንግዲህ በኛ ወግ ሽማግሌ እስኪሰጠው ይቆማል። ተቀመጡ ቢባል እንኳ “የመጣንበት ሳይፈጸም” ብሎ ይቆማል። እነሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሶፋውን አልፈው ሄደው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ! ያን የሚያህል ሰው፣ በሙሉ ልብሱ፣ በጉልበቱ! ኤልዳና ትራስ ይዛ ብትሮጥ እምቢ አሉ። ሀብቴ ግራ ገባው፤ እሱ የተዘጋጀው ለቆመ ሰው ነበር።

ኦያካታው ብዙ አልተናገሩም። “ልጃችሁን ስጡኝ። ምግብ፣ ማደሪያና ስም እሰጠዋለሁ። ካጠፋ እንደ ልጄ እቆጣዋለሁ” አሉ። ቀጥሎ ሀብቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ብትሰማው! “ልጃችን የአንድ ሰው ልጅ አይደለም። አጎት አለው፣ አክስት አለው፣ አገር ቤት አያት አለው። እንዲህ በአንድ ጊዜ ተነሥተን የምንሰጠው ልጅ አይደለም። እንመካከርበት። ሌላ ቀን ኑ።” አቤት ሲያምርበት! ኤልዳና በኖርዌይኛ አሳጠረችው፣ አስተርጓሚዋ በጃፓንኛ ደግሞ ከዚያም አሳጠረችው።

ኦያካታው እኔን አይተው አንድ ነገር ጠየቁ። “እናትየውስ?” ማለታቸው ነው ተባለ። ሀብቴ ቀደም ብሎ “እሷም ያው ናት” አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሥርዓቱ እንደዚያ አይደል።

ከዚያ ሦስቱም ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ድረስ እጅ ነሥተው ተነሡ። በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሳጥን ኬክ ትተውልን ሄዱ።

ሁለት ቀን ስሠራው የከረምኩት ምግብ ወጥ ቤት ቀረ። ቃል ሳይሰጥ አይቀርብማ። ሽታው ግን እስከ ሊፍቱ ተከተላቸው፤ ባለቤትየዋ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብለው ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። ደግመው ሲመጡ ይበሉታል ብዬ ዶሮውን ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት።

መቼ እንደሚመለሱ ጠይቅልኝ። ሀብቴ ከሦስተኛው በፊት እሺ አልልም ብሎ ነበር፤ አገራቸው ሩቅ ስለሆነ በሁለተኛው እንጨርስላቸው አልኩት፣ ተስማማ።

ማሚ



ቶኪዮ
ጥቅምት 9 ቀን

ማማ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። አሁን ነው የገባኝ።

ኦያካታ ከኦስሎ ሲመለሱ ምንም አልነገሩኝም። በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤት ላጥብ ስሄድ ብሩሹን ሌላ ሰው ይዞታል። ምግብ ሲቀርብ ቆሜ ላሳልፍ ስል “ተቀመጥ” አሉኝ። ከኦያካታ ጎን አስቀመጡኝ። መጀመሪያ በላሁ። ጥሩው ሥጋ ለኔ መጣ። ማማ፣ እዚህ ቤት መጀመሪያ የሚበላ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።

የኦያካታ ባለቤት ናት በኋላ የነገረችኝ። እዚህ አገር ሰው ፊት ናይ፣ ማለትም እምቢ፣ አይባልም። ናይ ለማለት “እናስብበት” ይባላል። ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እነሱ አሥራ ምናምን ሰዓት በርረው መጥተው “እናስብበት” ተባሉ። ምግብ እየሸተተ አልቀረበላቸውም። ባለቤታቸው “እናትህ ልክ ናት፣ እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር” አለችኝ። አልተቆጣችም። ያ ነው የከፋኝ።

የኛ ሥርዓት እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ። ኦያካታ “እናትህ አንገቷን ስትደፋ አይቻለሁ” ብለው ጨረሱት።

ኅዳር 28 ሃያ ሦስት ዓመት ይሞላኛል። ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ የሱሞ ማኅበሩ እንደኔ ያለውን አዲስ ሰው አይቀበልም። አንድ ቤት ደግሞ አንድ የውጭ አገር ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቦታው አሁን ክፍት ነው። ኦያካታ ከእናንተ ሳይሰሙ ስሜን አያስገቡም። ተመልሰውም አይመጡም። አንዴ ናይ የተባሉበት ቤት መመለስ ነውር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሽ ሀብቴ የተናገረው ለሥርዓቱ ነው። አንቺስ አንገትሽን የደፋሽው ለምንድን ነው?

ፊደሉ ከተበላሸ ይቅርታ። ጣቴ ልምምድ ላይ ወለም ብሎኛል። ትንሽ ነው።

ዮኤል



ሮምሶስ
ጥቅምት 19 ቀን

ዮኤልዬ፣

የትኛው ጣትህ ነው? ሞቅ ያለ ውሃና ጨው አድርግበት። እዚያ ሜዳው ላይ የምትበትኑት ጨው አለ አይደል።

ደብዳቤህን ለሀብቴ አነበብኩለት። መጀመሪያ አላመነም፤ ቀጥሎ ተናደደ። “እናስብበት ማለት እምቢ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ሲያስቡ ምን ይላሉ?” አለ። እንግዲያውስ አንተ ደውልና አስረዳቸው ስለው ደግሞ “የሴት ወገን ተነሥቶ ወንድ ወገን ደጅ አይሄድም” አለኝ። ኤልዳና ጮኸችበት፤ “ጋሽዬ፣ ዮኤል ሴት አይደለም! እነሱም ወንድ ወገን አይደሉም! ሱሞ ነው!” ሀብቴ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። በሩን ግን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ ይመለሳል።

ባለፈው እሁድ የግቢያችን ዱግናድ፣ የጋራ ጽዳቱ፣ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ቅጠል ሲጠርግ አቦይ ወልዳይ ስላንተ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው “አየሽ፣ ጥፋቱ እዚያ ላይ አይደለም” አሉኝ። የት ላይ ነው ብላቸው ባለቤታቸው አደይ ለተኪዳን ጠሯቸውና ሳይነግሩኝ ሄዱ።

መጀመሪያ መብላትህ ግን ምን ክፋት አለው? እኔ በበኩሌ እሱን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ። ጥሩውን ሥጋም ይስጡህ። እንግዳ አክባሪ ሰዎች ናቸው።

ስለ ማተቡ አባን አላገኘኋቸውም፤ ወደ በርገን ሄደው ነበር። ኦከርን ያሉት እንደገና ደውለዋል፤ ምናልባት ይመለሳል አልኳቸው። እንዲያው ቦታውን እንዳይለቁብህ ብዬ ነው።

የጠየቅከኝን ነገር እመልስልሃለሁ። አሁን ሾርባ ጥጃለሁ፣ እሳቱን ልቀንስ።

እናትህ



ፉኩኦካ
ጥቅምት 29 ቀን

ማማ፣

ፉኩኦካ የሚባል ከተማ ነን። በዚህ ወር ትልቁ ውድድር እዚህ ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ተጓጉዞ መጥቷል። እኔም አብሬ መጣሁ፤ እንግዳ ስለሆንኩ ሻንጣ እንኳ አላሸከሙኝም።

ደብዳቤሽን አነበብኩ። ስለ ሾርባው አነበብኩ። የጠየቅኩሽን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ኦከርን “ምናልባት ይመለሳል” ካልሻቸው ያ መልስ ነው?

መጀመሪያ መብላት ምን ክፋት አለው ላልሽኝ እንዲህ ነው። እኔ ስበላ ሌሎቹ ግድግዳው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ከነሱ ጋር አብሬ ወድቄያለሁ፣ አብሬ ጠርጌያለሁ፣ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። አሁን ውሃ ሲቀዱልኝ ዓይኔን አያዩም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ወንበር ነበረኝ። አንድ ቀን እንኳ የኔ ቦታ ነው ብዬ አላውቅም። እዚያ ግድግዳ ሥር ግን ቦታ ነበረኝ። ከሁሉም መጨረሻ ያለችው የኔ ነበረች።

ለኅዳር 20 የአውሮፕላን ቲኬት ተቆርጦልኛል። ናይ ከሆነ ናይ በይኝ። እመጣለሁ፣ ኦከርን እገባለሁ፣ አላኮርፍሽም። በእግዚአብሔር ስም፣ አላኮርፍም። ግን ጋሽ ሀብቴ ሳይሆን አንቺ ራስሽ በይው።

ደብዳቤ ከእንግዲህ ጊዜ አይበቃውም። ያረፍንበትን ቤት ስልክ ከታች ጽፌዋለሁ። እኔን አያገናኙሽም። ኦያካታን ግን ታገኛቸዋለሽ።

ዮኤል



ሮምሶስ
ኅዳር 9 ቀን

የኔ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ነገሩ አልቆ ይሆናል። ቢሆንም ልጻፈው፤ እንዴት እንደሆነ ከኔ ብትሰማው ይሻላል።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰ። ዓርብ ሀብቴ መጣ፤ እንዳልኩህ ተመልሷል። ስልክ ቁጥሩን አሳየሁት። “ልጅ ለመስጠት አልደውልም” ብሎ ድርቅ አለ። ይህን ጊዜ አቦይ ወልዳይን ጠራኋቸው። በስሊፐራቸው መጡ። “ሀብቴ፣ ልጅ መስጠቱን ተወው” አሉት። “ሰው ባሕር ተሻግሮ ቤትህ መጣ። ወጥ አስሸተትከውና ባዶ ሆዱን ሰደድከው። በአገርህ ይህ ምን ይባላል? በደል ይባላል። በደል ደግሞ ሽምግልናው የእርቅ ነው። ለእርቅ የሴት ወገን የወንድ ወገን የለም፣ የበደለ ይሄዳል።” ሀብቴም “ለእርቅ ከሆነ ሁለት ሰው አይበቃም፣ ሦስተኛ ጥሩ” አለ። ለሦስተኛነት ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ዑመርን አመጣን፤ አውቶቡስ የሚነዳውን። እሱ ከሁሉም ቶሎ ነው የገባው፤ “በኛም ሰፈር ያው ነው” አለ።

አስተርጓሚዋን ኤልዳና ፈልጋ አገኘቻት፤ ትናንት እሁድ ራሷ ቤታችን መጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ሦስቱ ዙሪያውን ቆሙ። በኛ እኩለ ቀን ነው፣ በናንተ ማታ። አስተርጓሚዋ “ሶፋ እያለ ለምን ይቆማሉ?” ብላ ጠየቀች፤ ሽማግሌ እስኪታረቅ አይቀመጥም አልናት። ሀብቴ “ለእርቅ ድንጋይ መሸከም ነበረብን” ቢል አቦይ ወልዳይ “በስልክ አይታይም፣ ጉልበታችሁን አታባክኑ” አሉት። ዑመር ሳቁን መያዝ አቅቶት ዞር አለ።

ኦያካታው ስልኩን አነሡ። ሀብቴ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። “በደለኞች ነን። እንግዳ ሳናበላ ሰደናል። ያልነውም እምቢ አልነበረም፣ የአገራችን ወግ ነው። ቆመን እንለምናለን” አለ። አስተርጓሚዋ ረጅም ተናገረች፤ የቆሙትንም፣ የሶፋውንም፣ የሌላ ቀን ኑንም ሁሉንም ነገረቻቸው።

መጨረሻ ላይ ምን አሉ መሰለህ? “እናስብበት። ሌላ ቀን ደውሉ።”

ሀብቴ እጁን አጨበጨበ። “ገብቶታል! ሰውየው ገብቶታል! በኛው ወግ ነው የመለሰልን፣ ይሄ እሺ ነው!” አለ። ኤልዳና ደግሞ እንባዋ መጣ፤ “በነሱ ወግ ነው የመለሱት፣ አለቀ” አለች። አስተርጓሚዋን ብንጠይቃት እሷም ድምፃቸው እንደወትሮው ነበር፣ አይታወቅም አለች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እኔ ምን ላውቅ?

ቅዳሜ እንደውላለን። ኅዳር 14 ነው፣ ቅበላ። በማግስቱ ጾም ይገባል። ዶሮው ያን ቀን ካልተበላ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ አንተ እዚህ ኖረህ ትበላዋለህ፣ ወይም ሌላ ነው የሚሆነው።

ፀሐይ ስትጠይቀኝ ከእንግዲህ ዝም እንደማልል ወስኛለሁ። ምን እንደምላት ግን ገና ነኝ።

ማሚ



ፉኩኦካ
ኅዳር 16 ቀን

ማማ፣

ቅዳሜ ማታ ስልኩ ሲጠራ እኔ የእንግዳ ቦታዬ ላይ ነበርኩ። ኦያካታ እየበሉ ነው ያነሡት። ትንሽ ሰሙና ማንኪያውን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ ቤቱ ሁሉ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ለምን እንደቆምን ማንም አላወቀም። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ጠየቁ፣ አጭር። ከዚያ ብዙ ሰሙ። የማን ድምፅ እንደሆነ ከሩቅ አይለይም ነበር፤ የሴት ድምፅ ግን ነው።

ስልኩን ዘግተው ተቀመጡና መብላታቸውን ቀጠሉ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እሁድ ጠዋት ስነሣ ብሩሹ በሬ ላይ ተደግፏል።

ሽንት ቤቶቹን አጠብኩ። ማማ፣ እንደዚያ አጥቤ አላውቅም። ምግብ ሲቀርብ ረስቼ ቦታዬ ልቀመጥ ስል ኦያካታ ሳያዩኝ “ተነሥ” አሉ። ግድግዳው ሥር ሄድኩ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ በክርኑ ጎሸመኝና ፈገግ አለ። መጨረሻ በላሁ። የቀረው ጎመንና ውሃው ብቻ ነበር።

ቲኬቱ ተሰርዟል። ስሜ ዛሬ ለማኅበሩ ሄዷል።

ምን አልሻቸው? ባለቤታቸውን ጠየቅኳት። “የእናት ነገር ነው” አለችኝ። አስተርጓሚዋም አትነግረኝም።

ስለ ማተቤ አሁን ንገሪኝ። ከእንግዲህ በየቀኑ ሜዳ እገባለሁ።

ዮኤል



ሮምሶስ
ኅዳር 27 ቀን

ዮኤልዬ፣

እንኳን አደረሰህ። ነገ ሃያ ሦስት ዓመትህ ነው፤ ይህ ሲደርስህ ደግሞ አልፎልሃል። እኔ ግን ዛሬ ነው የማስበው።

ጎመንና ውሃው ብቻ ያልከውን ሳነብ ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት። ልክ ነው፣ ገብቶኛል። ዝም ልልህ ነው።

ፀሐይ እሁድ ደግሞ ያዘችኝ። “ያ ልጅሽ እንዴት ነው?” አለችኝ። “ደህና ነው፣ ሽንት ቤት ያጥባል፣ ቆሞ ያሳልፋል፣ መጨረሻ ይበላል” አልኳት። “እግዚአብሔር ይርዳው” ብላ ሄደች። ይርዳህ እንግዲህ፤ ስላቅ አይደለም፣ ከልቧ ነው ያለችው።

ኦከርን ያሉትን ራሴ ደወልኩላቸው። ቦታውን ለሌላ ስጡት አልኳቸው። ዲግሪህንም ወንበር ላይ ወጥቼ አቃናሁት።

ስለ ማተብህ። አባ ከበርገን ከተመለሱ ቆይተዋል፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኳቸው። አሁን እኔው ልመልስልህ። ሜዳ ስትገባ አውልቀህ ለኦያካታው ባለቤት ስጣቸው። በእጃቸው። መሬት ላይ እንዳትጥለው፣ ኪስ ውስጥም እንዳትከተው። ስትወጣ ተቀበላቸው። አደራ ነው በላቸው፤ እናቴ ናት የላከችልዎ በላቸው። እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር ያሉህ ሴት ናቸው፣ አደራ ያውቃሉ።

ምን እንዳልኳቸው ጠይቀኸኛል። እንዴት እንደነበር ልንገርህ።

ቅዳሜ ሦስቱ እንደገና ስልኩን ከበው ቆሙ። ሀብቴ ጀመረ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፤ ዶሮው ጠዋት ወጥቶ በረዶው ቀልጦለት እሳት ላይ ነው። ኦያካታው እስኪጨርስ ሰሙትና እንደ መጀመሪያው ቀን ያችኑ ጠየቁ። “እናትየውስ?” ሀብቴ አፉን ሲከፍት አቦይ ወልዳይ እግሩን ረገጡት። በስሊፐር ነው፣ አላመመውም። ግን ዝም አለ።

ማማሰያውን እንደያዝኩ መጥቼ ስልኩን አነሣሁ። እኔም ቆሜ ነበር። ኤልዳና ላስተርጉም ስትል “አንቺ ተዪው፣ እኔ በኖርዌይኛዬ እነግራታለሁ” አልኳት። የተሰባበረ ኖርዌይኛዬን ታውቀዋለህ። አስተርጓሚዋ አንዲት ቃል ሳትጥል አደረሰችልኝ። ምን እንዳልኩ እሳቸው ካልነገሩህ እኔም አልነግርህም። አንድ ቀን ልጅ ወልደህ ሰው ቢጠይቅህ፣ ያኔ ምን እንደሚባል ታገኘዋለህ።

ያን ቀን አንገቴን የደፋሁት ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። አሁን ቀና ብያለሁ። እዚያ ላይ ይብቃን።

ኦያካታው ሲመልሱ “እናስብበት” አላሉም። “ተቀበልኩ” ነው ያሉት፤ አስተርጓሚዋ ለሦስቱም ደግማ ነገረቻቸው። ሀብቴ ግን አሁንም አልተቀመጠም፤ እኔን ነው የሚያየው።

ዶሮውን ይዤ ወጣሁ። ለዑመር ለብቻው የሠራሁለትን ሽሮ በሌላ ሳህን አቀረብኩለት። አስተርጓሚዋን በመካከላቸው አስቀመጥኳት። አደይ ለተኪዳን ሽታው ጠርቷቸው መጡ። ነገ ጾም ነው፣ ማንም አላፈረም።

አንተ ቁም፣ ልጄ። እኛ ተቀመጥን፣ በላን።

እናትህ ቆንጂት